ጥርስ የሌለው ጎማ

ጎማው ከተማ የገባው በግመል ተጎትቶ ነው። ከመተማ ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰሊጥ እርሻ ውስጥ፣ በጣልያን ጊዜ የወደቀ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነበር። ነበር ማለትም ይበዛበታል። እኔ በደርግ ጊዜ ለሥራ ተመድቤ እዚያ ስደርስ ክንፉ ማንኪያና ድስት ሆኖ አልቋል፣ ሞተሩን ነጋዴ ወስዶታል፣ ሽቦው የአህያ ጭነት ማሰሪያ ሆኗል። የቀሩት ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ተቃጥሎ ከቸርኬው ጋር ተጣብቋል፤ ሌላው ግን ግማሹ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ስለኖረ ደህና ነበር። አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። ገሚሶቹ የጣልያን ነው ይላሉ፣ ገሚሶቹ ከሱዳን በኩል የመጣ የእንግሊዝ ነው ይላሉ። ቦምቡን የጣለው እኛው መሬት ላይ ስለመሆኑ ግን ክርክር አልነበረም።

ጎማውን ያስጎተቱት በረባሶ ሠሪው ናቸው። ከወሎ ለአጨዳ መጥተው በዚያው የቀሩ ሽማግሌ ነበሩ። ገበያው ዳር፣ ራኩባ በሚሏት የሣር ዳስ ሥር ተቀምጠው፣ ያረጀ የመኪናና የትራክተር ጎማ እየቆረጡ ለቀን ሠራተኞች ጫማ ይሠራሉ። የአውሮፕላኑን ጎማ መጀመሪያ እንደ ሽንኩርት ላጡት፤ ላዩ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ነበርና። ከሥሩ በሸራ የተደራረበ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ወጣ። ሲቆርጡት ቢላዋቸውን ውሃ ያስነኩታል፤ አለዚያ ላስቲኩ ይዞ አይለቅም።

እኔ የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ነበርሁ፣ እግር በማየት ደግሞ የሚያህለኝ አልነበረም። ለአረም ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱት ሠራተኞች ወባ ይዟቸው እንኳ ቢመጡ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ እግራቸውን ነው። ስለዚህ አዲሱን ጫማ ቀድመው ካዩት ሰዎች አንዷ ነኝ። የመኪና ጎማ ጥርስ አለው፤ የትራክተሩማ ጥርስ ጣት ያስገባል። ይሄ ግን ፍጹም ልሙጥ ነበር። ያን ጊዜ የአውሮፕላን ጎማ እንዲያ ይሠሩት ነበር መሰለኝ፤ የሚያርፈው የተደለደለ ሜዳ ላይ ነው፣ ጥርስ ምን ያደርግለታል። ዋልካ ጭቃ ላይ የሚራመድ ሰው ግን ሌላ ነው። አንዱ የጎጃም ሠራተኛ ገበያ መሐል ተንሸራትቶ በጀርባው ሲወድቅ፣ «ምነው ወንድሜ፣ ያለ ሜዳ አረፍህ?» አሉት። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ የወደቀ ሁሉ «አረፈ» ይባል ጀመር።

የድንበር ከተማ ሰው መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚሄደው። ከሚሊሻዎቹ መካከል አንድ ዱካ አጥኚ ነበር። የማን ከብት ወዴት እንደተነዳ፣ የማን ሰሊጥ ተደብቆ ወደ ሱዳኗ ገላባት እንደተሻገረ ጭቃውን አይቶ ይናገራል። የጫማውን ጥርስ ካየ ከየትኛው ጎማ እንደተቆረጠ ያውቃል፤ አንዳንዴም ያደረገው ማን እንደሆነ ይናገራል። ሰዉ ሲያየው እግሩን የሚደብቅበት ቦታ ያጣል።

ታናሽ ወንድሜ የመጣው በዚያው ክረምት፣ ከአረም ሠራተኞች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲጠራ ከጎንደር ጠፍቶ ነው የመጣው። ታላቃችን ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። እናታችን ሁለተኛውን አልሰጥም ብላ ስንቁን በእጇ ቋጥራ ወደ እኔ ላከችው። ቀን ሰሊጥ ሲያርም ይውላል፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው እንደ በሽተኛ፣ እግሩን ሊያሳይ ነው። እህትና ወንድም መሆናችንን ለማንም አልተናገርንም። ሐሳቡ ሱዳን መሻገር ነበር። ከተያዘ ወይ ግንባር ነው ወይ እስር ቤት፤ ያስጠጋችውም አይቀርላትም። ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴን የማካፍለው ሰው ደግሞ አልነበረኝም።

«እታለም፣ መላ ተገኝቷል» አለኝ አንድ ቀን እግሩን እያጠብሁለት። «ጥርስ የሌለው ጫማ ዱካ የለውም። ሠራተኛው ሁሉ እንዲያ ነው የሚል።»

እኔም አመንሁ። ለእኛ ለመተማ ሰዎች ዱካ ማለት ጥርሱ ነበር። የእከሌ ዱካ ስንል የእከሌን ጫማ ጥርስ ማለታችን ነው። ጥርሱ ከጠፋ ጭቃው ላይ የሚቀር ነገር ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዋጋ እንዳያስወድዱበት ብዬ አብሬው ሄድሁ። ሽማግሌው የወንድሜን እግር ላስቲኩ ላይ አስቁመው ዙሪያውን በከሰል አሠመሩ። ቀና ብለው ክፍት ነጠላ ጫማ ያደረገውን የእኔን እግር አዩ፣ መልሰው የእሱን አዩ። የሁለታችንም ሁለተኛ ጣት ከአውራ ጣታችን ይረዝማል፤ ከአባታችን የወረስነው ነው። ማሰሪያውን ከሌላው ሰው ጫማ ይልቅ አጠንክረው ሰፉለት።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሄደ። ድልድዩ ላይ ኬላ ስላለ፣ በማሽላው እርሻ ውስጥ ዞሮ ድንበር የሆነውን ፈፋ ከላይ በኩል ሊሻገር ነው። አልተሳሳምንም፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበር። «እግርህን ጠብቅ» አልሁት፣ ለማንኛውም በሽተኛ እንደምለው።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ስወጣ ዱካውን አየሁት። የሌላው ሰው ዱካ ጥርስ በጥርስ ተደራርቦ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። የእሱ ግን በካውያ እንደተተኮሰ ጨርቅ ለጥ ብሎ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ፣ ከከተማው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ማሽላው ገብቷል። የአውሮፕላን ጎማ ጫማ ያደረገ ሌላም ሰው ነበር፤ በዚያ በኩል ወደ ድንበር ያቀና ግን እሱ ብቻ ነው። አልፌው እንዳልሄድ እግሬ እምቢ አለኝ፣ ቆሜ እንዳላየው ሰው አለ።

ዱካ አጥኚው ለመከተል አልተቸገረም። ፈፋው አፋፍ ላይ ወንድሜ ተንሸራትቶ የወደቀበትን ቦታ አገኘ። እዚያው አጠገብ ሁለቱ ጫማዎች ተትተዋል። ከዚያ በኋላ በባዶ እግሩ ነው የወረደው። የባዶ እግር ዱካ ደግሞ የከብት ጠባቂውም የአራሙም ስለሆነ ፈፋው ውስጥ ተቀላቅሎ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሰብስበው አቆሙን፤ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሁሉም። ሊቀ መንበሩ ጫማዎቹን አንጠልጥሎ በረባሶ ሠሪውን ወደፊት ጠራቸው።

«ሥራው የእርስዎ ነው?»

ሽማግሌው ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት። «የኔ ነው።»

«ለማን ሸጡት?»

«እኔ እግር ነው የምለካ፣ ስም አልጠይቅም።»

«እሺ፣ እግሩ እንዴት ያለ ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ቆምንበት ዞሩ። ከፊት ረድፍ ላይ ነበርሁ፣ ያደረግሁትም ያንኑ ክፍት ነጠላ ጫማ ነው። ቀስ ብዬ ጣቶቼን ጭቃው ውስጥ ቀበርሁ።

«ሰፊ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እንደ እኛ እንደ ወሎዎች እግር፣ ሰፊ። ጣቱም አጫጭር።»

የወሎ ሠራተኛ በዚያ ሰሞን ቆላውን ሞልቶት ነበር፤ በየእርሻው እየዞሩ ሰፊ እግር መፈለግ ለሊቀ መንበሩም ታከተው። ዱካ አጥኚው ግን ጫማውን ተቀብሎ በጣቱ ስፋቱን ለካ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ጫማውን መልሶ አየ። ምን እንደገባው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጫማዎቹን መስኮቱ ላይ አስቀመጣቸው። ስብሰባው ስለ ንቃትና ስለ ጠላት ሰርጎ ገቦች በተደረገ ንግግር አበቃ። እኔና ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ስለ ዝናቡ ብቻ እናወራለን፤ አመሰግናለሁ ማለት እንኳ ለእሳቸውም ለእኔም አደጋ ነበር።

ሰሊጡ ሳይታጨድ ገና፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት አንድ ጧት በሬን ስከፍት፣ ያ ልሙጥ ዱካ ከድንበሩ በኩል መጥቶ በደጄ አልፎ ወደ ከተማ ገብቷል። ተመለሰ አልሁ። ተይዞ ይሁን፣ ርቦት ይሁን፣ ናፍቄው ይሁን አላሰብሁም፤ ጫማው ቀበሌው መስኮት ላይ መቅረቱንም ረሳሁ። ነጠላዬን እንኳ ሳልደርብ ዱካውን ተከትዬ ሮጥሁ። በገበያው ዳር ዞሮ ቀበሌው በር ላይ ደረሰ። ዱካ አጥኚው ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ የወንድሜን ጫማ አድርጎ፣ በጎን የተረፈ ተረከዙን ጭቃ በእንጨት እየጠረገ ነበር።

«እንዴት አደሩ ሐኪም። ምነው በጧቱ?»

«ደህና አደሩ። በሽተኛ ጠርቶኝ ነው።»

ፊቴን አየኝ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ እግሬን አየ። መደበቂያ ጭቃ በአጠገቤ አልነበረም።

«ማንም ሳያደርገው ከሚደርቅ ብዬ ነው» አለ፣ ወደ ጫማው በአገጩ እያመለከተ። «ባለቤቱ እንደሁ ተሻግሯል። አይመለስበትም።»

ተሻግሯል የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ በመስማቴ ደስ አለኝ፤ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ከወንድሜ ወሬ አልመጣም፣ ከገላባት ለሚመጣው ነጋዴ ሁሉ ምልክቱን እየነገርሁ ብጠይቅም። እናታችን ስትጠይቀኝ፣ ተሻግሯል እላታለሁ። ሌላ የማውቀው የለኝም።

ዱካ አጥኚው ከድንበር ጥበቃ ሲመለስ በደጄ ነበር የሚያልፍ። ክረምት ክረምት በሬን ስከፍት ያ ልሙጥ ዱካ ጭቃው ላይ ይጠብቀኛል። የማን እግር እንደሚረግጠው አውቃለሁ። ቢሆንም፣ መተማ እስከነበርሁ ድረስ፣ ከጎን ከጎኑ ሄድሁ እንጂ አንድም ቀን አልረገጥሁትም።