እትዬ አስካለን ከባሕሩ ዳር ለማምጣት

የነፋሱ ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ ሲመጣ ላምበርትሴተር በሚባለው ሰፈር ቤቴ ውስጥ ቁርስ እየበላሁ ነበር። ኃይለኛ ነፋስና የባሕር ሙላት ስላለ ውሃው ዳር ያላችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ ሂዱ ይላል። እኔ ዳገት ላይ ስለምኖር አያሰጋኝም። የእናቴ ጓደኛ እትዬ አስካለ ግን ድሮባክ ከምትባል ከተማ ወረድ ብሎ ባለ መንደር፣ ባሕሩ አፍንጫ ሥር፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያኔ በስደት ሲመጡ ኮሙኑ፣ ማለት የአካባቢው አስተዳደር፣ እዚያ አሰፈራቸው፣ እዚያው ቀሩ። ደጋግሜ ብደውል አያነሱም። በዚህ አገር ዘመድ የምላቸው እሳቸውን ብቻ ነውና ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ።

አውቶቡስ ጣቢያ

ከኪዮስኩ ቡናና ዳቦ ገዛሁ። ዋጋውን ሲነግሩኝ የሁለት ሰው መስሎኝ ዞር አልኩ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። አውቶቡሱም ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ፊዮርዱ፣ በተራሮቹ መሃል የገባው ባሕር፣ በአረፋ ነጥቷል፤ ነፋሱ በየመታጠፊያው አውቶቡሱን ወደ ጎን ይገፋዋል። እትዬን የምፈልግ እኔ አለሁ፣ እኔንስ ማን ይፈልገኛል ብዬ አሰብኩ።

መንደሩ

ውሃው ወደቡን አልፎ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል። የዝናብ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ የአሸዋ ከረጢት ይደረድራሉ። ስለ እትዬ ጠየቅኋቸው።

«ጎረቤቴ ናት። ጠዋት ሁላችንም ዳገቱ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ስንወጣ አብረሽን ትመጫለሽ ወይ ብላት ኔይ አለች፤ እኔ አሁን ለከረጢቱ ተመልሼ ነው» አሉኝ።

በአገሩ ቋንቋ ኔይ አይሆንም ማለት ነው፤ ሰው ኔይ ካለ ኔይ ነው፤ ሽማግሌው ጥፋት የለባቸውም። እስከ ቁርጭምጭሚቴ በሚደርስ ውሃ እየተራመድኩ የእትዬን በር ከፈትኩ። እትዬ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሻንጣቸውን ታቅፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምንጣፉ ረጥቧል።

«እትዬ! ስልክዎስ?»

«ከልብሱ ጋር ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ነው።»

«ለምን አብረዋቸው አልሄዱም?»

«አንዴ ስለጠየቁኝ እንዴት ዘልዬ እሺ እላለሁ? ይሉኝታ የለም? ደግመው ሲመጡ ልነሳ ተዘጋጅቼ ነው የምጠብቃቸው።»

«እነዚህ አይደግሙም እኮ!»

ሻንጣቸውን ጠበቅ አድርገው አቅፈው «ጎረቤቶቼ ቡና ጠጪ ሲሉኝም ኔይ እላለሁ፣ በዚያው ይቀራሉ። እኔ እኮ የጠሉኝ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ስንት ዓመት ብቻቸውን እንደጠበቁ ሳስበው ልቤ ተነካ።

ሽማግሌውን ጠርቼ፣ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ኔይ ለወጉ ነው፣ ይድገሙላቸው አልኳቸው። ውሃው ውስጥ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አስካለ፣ ከኛ ጋር ትመጫለሽ?»

«ኔይ፣ ላስቸግር አልፈልግም።»

ሽማግሌው አዩኝ፤ በርቱ አልኳቸው።

«እባክሽ፣ አስካለ።»

«ያ፣ እሺ!» አሉ እትዬ፣ ቃሉን ሳያስጨርሷቸው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሽማግሌው ሚስት ትኩስ የዓሣ ሾርባ ሰጡን። እኔ ቤት እንሂድ ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኩ፤ «የአሁኑ ኔይስ ከምሬ ነው፣ እዚሁ ልሁን» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ቅርም አለኝ።

ላምበርትሴተር

አመሻሽ ላይ ውሃ እየተንጠባጠብኩ ደረጃውን ስወጣ፣ የፊት ለፊት ጎረቤቴ በሯን ከፈተች።

«ምነው እንዲህ ረጠብሽ! እራት ደርሷል፣ ግቢ።»

«ኔይ፣ አመሰግናለሁ።» አፌ ቀደመኝ።

ፈገግ ብላ ዘጋችው። ደግማ ትከፍተው ይሆናል ብዬ ትንሽ ቆምኩ። አልከፈተችም። ቁልፌን ኪሴ ውስጥ መለስኩና ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።