ገጹን ስንከፋፍለው

ሪቻርድሰን ከተማ ባለው ቢሯችን ሁላችንም የምንሠራው አንድ የኮምፒውተር ኮድ ላይ ነበር። ሰው በስልኩ ሐኪም ፈልጎ ቀጠሮ የሚይዝበት ድረ ገጽ ነው። ሐሙስ ከሰዓት አዲስ የጻፍነውን ገጹ ላይ እንለቃለን፤ የአንዱ ከተበላሸ የሁላችንም ይቆማል። ሶ፣ እስኪስተካከል ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

አጠገቤ የምትቀመጠው እዚሁ ያደገች የሐበሻ ልጅ ነበረች። እሷ ሙያውን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተምራዋለች፤ እኔ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው አፓርታማዬ ውስጥ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲውሉ፣ ከቪዲዮ ነው የለቃቀምኩት። በዕድሜ ስለምበልጣት አክስቴ ነበር የምትለኝ፤ ሐሙስን እየተሳሳቅን እንገፋው ነበር።

"አክስቴ፣ ዛሬ ማን ነው ያበላሸው?"

"አንቺ ነሻ። ሌላ ማን አለ?"

ኋላ አለቆቻችን ገጹ ይከፋፈል አሉ። ሐኪም መፈለጊያው ለእሷ ቡድን፣ ቀጠሮው ለእኔ ቡድን። ሁሉም የራሱን በፈለገው ቀን ይልቀቅ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላውን አይንካው። እውነታቸውን ነበር፤ ሰዉ በዝቶ መጠባበቁ አሰልችቶናል። የእሷ ቡድን ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ እኔን የጨነቀኝ ግን ኮዱ አልነበረም። ይቺን ልጅ እንዳላጣት ነው።

"ምሳ አብረን እንበላለን" አለችኝ ወንበሯን እየገፋች። "ኤሌቬተር አለ እኮ፣ አክስቴ።"

መጀመሪያ መጀመሪያ በላን። ከዚያ ወሬያችን በገጹ ሁለት ክፍሎች ድንበር ላይ ብቻ ሆነ፤ የእሷ ክፍል የተመረጠውን ሐኪም ያቀብላል፣ የእኔው ተቀብሎ ቀጠሮ ይይዛል። ድንበሩን አሳምረን ስለሠራነው እሱም የሚያነጋግር አልሆነም። ሐሙስም እንደ ማንኛውም ቀን ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ስለ መፈለጊያው የምጠይቃት ነገር ኖሮኝ ጻፍኩላት። መልስ የለም። ወደ ላይ ብወጣ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ቡድኑ በሙሉ ሌይኦፍ ተደርጎ፣ ከሥራ ተቀንሶ ከወጣ ሰንብቷል አሉኝ ፎቁ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች፤ ሥራውን ሌላ ከተማ ያሉ ሰዎች ይዘውታል። እኛን የነገረን የለም። ገጹን በየቀኑ ከፍቼ አየው ነበር፣ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረውም። ድሮ ቢሆን እሷ አንድ ሐሙስ ብትቀር ሁላችንም ቆመን እንቀር ነበር።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ኮል አደረግኳት። ማኪኒ የሚባለው ከተማ፣ ወላጆቿ ቤት ተመልሳለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የምታውቂ መስሎኝ። ማለቴ... ጠበቅኩሽ።"

እሷው ቀጠለች።

"የኔ ክፍል ይሠራል?"

"ይሠራል። ምንም አልሆነም።"

"ኦኬ" አለች። "ጥሩ አድርገን ነው የከፋፈልነው፣ አክስቴ።"