ላብ ያልተፈጠረላትን ልጄን ይዤ ወልዲያ

ከላሊበላ የተነሣነው በበጋ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ መንገዱ ገና አስፋልት አልነበረም። ልጄ ወለላ ሦስት ዓመት አልሞላትም። በትኩሳት ስትነድ ሰውነቷ ደረቅ ነው። እኛ ዘንድ በሽተኛ ሲያልበው «ተመስገን፣ ላብ ወጣለት» ይባላል። እሷን ብንሸፍናት፣ ብናጥናት ግንባሯ ላይ ችፍ እንኳ አላለም። የሚያበርድላት ጸበል ብቻ ነበር። የጸበሉ አባት «ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፣ ሂጂ» ብለው ባረኩን።

ጋሸና

ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ትኩስ ሽሮ በላንና የወልዲያውን አውቶቡስ ተሳፈርን።

ቁልቁለቱ

ወደ ወልዲያ ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። ንፋስ ስለሚፈራ መስኮት የሚከፍት የለም። ሰዉ ሁሉ ላብ በላብ ሆኗል። ወለላ ብቻ ደርቃ እንደ ፍም ትፋጃለች።

«እባካችሁ መስኮቱን ክፈቱልኝ» አልኩ።

«ሴትዮ፣ ብርድ ልታስመቺን ነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ይልቅ ሸፍኚያት ልጄ፣ ያልባት» ብለው ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት ነጠላቸውን ደረቡባት። ታላቅን እምቢ ማለት አልለመድኩም። ትንሽ ቆይቶ የወለላ ዓይን ፈዘዘ፤ ብጠራት አልሰማችኝም። «እመቤቴ!» ብዬ ነጠላውን ገፈፍኩና መስኮቱን ራሴ ከፈትኩት። ስድቡ እስከ ወልዲያ አልቆመም። ልጄ ግን ንፋሱ ሲነካት «እማ» አለች።

ወልዲያ

ሐኪሙ ጀርባዋን ደጋግሞ ዳሰሰ።

«እናት፣ ላብ የሚመነጨው ከቆዳ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። እሷ ከተወለደች ጀምሮ የሏትም። ሌላውን ሰው የሚያበርደው ላቡ ነው፤ እሷን የሚያበርዳት የለም።»

«መድኃኒቱስ?»

«ጥላ፣ ንፋስ፣ ውሃ። ስትግል እርጥብ ልብስ አልብሻት። እንዳትሸፍኛት።»

«በላስታ ብርድ?»

«በላስታም ብርድ።»

ቤት

በማግስቱ በታፈነ አውቶቡስ ተመለስን። ቤት ስንደርስ ወለላ እንደገና ትነድ ነበር። አማቴ እማማ ሊሸፍኗት ወፍራሙን የሱፍ ባና ይዘው ጠበቁን። እኔ ነጠላዬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ሐኪሙ ተሳስቶ ቢሆንስ? ብርዱ ቢገድላትስ?

«አንቺ! በዚህ ብርድ ልትገድያት ነው?» አሉ እማማ።

«እማማ፣ ላብ አልተፈጠረላትም። ላቧ ይኼ ውሃ ነው።»

አለበስኳት። ጮኸች። እማማ አማትበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነጠላው ገላዋ ላይ ሞቀ፤ ደግሜ ነከርኩት። በሦስተኛው እማማ ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ጨመቁት። ሲመሻሽ ሰውነቷ በረደ፤ ቂጣ ጠየቀች።

ፍርሃቱ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ፀሐይ በከረረ ቁጥር ግንባሯን እዳስሳለሁ። ሌላዋ እናት ልጇን ሸፍና ታድናለች። እኔ ገልጬ ማዳንን ከዚያ ጉዞ ተማርኩ። ተመስገን።