ከግቢያችን ቧንቧ የቀዳሁት ጠበል

ክረምት ሲገባ ከቧንቧ ውሃ የሚወጣው የክሎሪን ሽታ ዛሬም ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል። ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ካዛንቺስ የነበረው የቀበሌ ቤታችን፣ እማዬ የተኛችበት አልጋና ደረቷን ይዛ የምትስለው ሳል አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴን አላውቀውም፣ ያለችኝ እማዬ ብቻ ነበረች። ሳንባዋን ታማ ስለነበር ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ጠዋት ጠዋት ደግፈው ጤና ጣቢያ ይወስዷትና ነርሷ እያየቻት ክኒኗን ትውጥ ነበር። በሽታዋ ግን አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሁለተኛውን ያኔ በስሙ የሚጠራው ሰው ስላልነበረ ኤች አይ ቪ መሆኑን እኔም የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። የኔ ሥራ ቂርቆስ ወርጄ በሃይላንድ ጠበል ቀድቼ መመለስ ነበር። እማዬ ደግሞ ጥብቅ ሕግ ነበራት፣ ጠበል የሚቀዳ ሰው አፉን ሳይሽር ነው የሚሄደው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ራት ሳንበላ አድረን ስለነበር፣ መንገድ ላይ ቦምቦሊኖ የምትጠብስ ሴትዮ አንድ ስትሰጠኝ ሳላስበው ዋጥኩት። በቃ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ደርሼ መግባት ፈራሁ፤ በልቼ ጠበሉን ብነካው እማዬ የምትሞት መሰለኝ። ባዶ ሃይላንድ ይዤ መመለሱም አስፈራኝ፣ ስለዚህ ግቢያችን ገብቼ ከቧንቧው ሞላሁት። እትዬ ዘይነባ ልብስ ከሚያጥቡበት ቀና ብለው አዩኝ።

«ዛሬ ጠበሉ እኛ ግቢ ፈለቀ እንዴ?»

ሃይላንዱን ከድኜ ወደ ቤት ገባሁ፣ እሳቸውም ለማንም አልተናገሩም። በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያልሄድኩት አፍሬ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ግን ልዋሽ አልችልም፣ ዝናቡና ጭቃው ሰልችቶኝ ነው የቀረሁት። እንዲህ እያልኩ እስከ ክረምቱ መጨረሻ እናቴን የቧንቧ ውሃ አጠጣኋት፤ እሷም አማትባ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ትጠጣው ነበር።

መስከረም ሲጠባ ተሻላት። ሳሉ ቀለል ብሎላት በር ላይ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ጀመረች፣ ከዚያም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ፊት ቆማ ልትመሰክር ተነሳች። ይኼኔ ጨነቀኝ። በኔ ጦስ ጠበሉ አዳነኝ ብላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ውሸት ልትናገር ነው፣ እግዚአብሔርም ተቀይሟት ይተዋታል ብዬ፣ ቅዳሜ ነጠላዋን ስታጣጥፍ እግሯ ስር ቁጭ ብዬ ከቦምቦሊኖው ጀምሬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ ጨረሰችና፣ ጠበል በረኪና በረኪና እንደማይሸት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደምታውቅ ነገረችኝ።

«ታዲያ ለምን ጠጣሽው?»

«በዚያ ዝናብ ልጄን ምን ልበላት? እኔ ተነስቼ አልሄድ። ውሃውን አይደለም፣ እግዚአብሔርን ብዬ ነው የጠጣሁት።»

«ነገስ ምን ልትዪ ነው?»

«ዳንኩ አልልም። አልተወኝም ነው የምለው።»

እሑድ ቆማ ያንኑ ብቻ አለች። ተአምር የጠበቀው ሰው እልል ይበል ዝም ይበል ግራ ገባው፤ እኔ ደግሞ ትንሽ ጨምራ ብትናገር ምን ነበረበት ብዬ ተናደድኩ።

ጥር ላይ ተመልሳ ወደቀች። ሳልበላ እየወረድኩ እውነተኛውን ጠበል ባመጣላትም፣ እትዬ ዘይነባ ከሐኪም ሐኪም ቢያንከራትቷትም አልተነሳችም። አንድ ቀን እጄን ይዛ ፈርቼ እንደሆነ ጠየቀችኝና አዎ አልኳት። «እኔም ፈርቻለሁ» አለችኝ፣ «ግን ብቻችንን አይደለንም።» ጥምቀት አልፎ ሳምንት ሳይሞላ ሞተች። ዓይኗን የከደኑት እትዬ ዘይነባ ናቸው፣ ያሳደጉኝም እሳቸው።

ዛሬ ያ ግቢ ፈርሶ ሆቴል ቆሞበታል። እኔና እትዬ ዘይነባ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነን፤ እኔ ሥራ የለኝም፣ እሳቸው ደግሞ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። እሳቸው በሃይማኖታቸው ይጸልያሉ፣ እኔ በኔ፣ ማለቴ፣ ካላኮረፍኩ። እማዬን ለምን እንደወሰዳት አሁንም አልገባኝም፣ ገብቶኛል የሚለኝም ሰው ያናድደኛል። ያኔ እግዚአብሔር ከኛ ጋር ነው ማለት እማዬ ትድናለች ማለት ይመስለኝ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት የእትዬ ዘይነባን ፊት ሳጥብ ይድናሉ ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ እንዳልሆንን ግን አውቃለሁ።