ሰኔ ላይ የቆመው ግንብ

እስካሁን አልገባኝም። መጨረሻ ላይ ታስረዳኛለች ብሎ የሚያነብ ካለ ከአሁኑ ይወቀው።

ቤታችን ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ጫፍ፣ አሸዋማው ወንዝ ዳር ነው። ወንዝ እንበለው እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ ግን፣ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ይመጣል። ለዚህ ነው አስተዳደሩ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ከታች ጀምሮ ማሠራት የጀመረው። ግንቡ ቤት በቤት እየሸፈነ መጥቶ ኤዶ ጓሮ ሲደርስ ሰኔ ገባ። ኤዶ ሶማሌ ጎረቤታችን ናት፤ በቋንቋቸው አክስት እንደማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይላታል። ከእሷ ቀጥሎ የእኛ ማድቤት ነው። ሠራተኞቹ አንድ ጠዋት ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭነው ሄዱ። ግንቡ ከኤዶ ጓሮ ሳያልፍ፣ ጫፉ እንደ ተሰበረ ጥርስ ገጥጦ ቀረ።

አባቴ የባቡር ጡረተኛ ነው፤ መንግሥት የጀመረውን ይጨርሳል ብሎ ያምናል። እናቴ አታምንም። እኔ የኢንዱስትሪ ፓርኩን የስፌት ሥራ ጥዬ ቤት ውስጥ የምንቆራጠጥበት ጊዜ ስለነበር፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረስሽ አንቺ ነሽ፣ ሂጂ ጠይቂ ተባልኩ። እውነት ነው፣ በጀት ተምሬአለሁ። ለፈተና ሸምድጄው፣ ከፈተናው ስወጣ እዚያው ጥዬው ነው የመጣሁት።

አስተዳደሩ ቢሮ በጠዋት ሄድኩ። ድሬ ውስጥ ከምሳ በኋላ፣ በጫትና በእንቅልፍ ሰዓት፣ ባለሥልጣን ፍለጋ የሚወጣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ብቻ ነው። የበጀት ባለሙያው ወጣት ነው፣ አይቆጣም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል አለኝ። ለግንቡ ተይዞ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ቀሪው ግንብ በአዲሱ በጀት ይቀጥላል፤ አዲሱ ግን መጀመሪያ ምክር ቤት ያጸድቀዋል፣ ከዚያ ለየቢሮው ይደለደላል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ዝናቡ ሐምሌ ነው የሚመጣው አልኩት። አውቃለሁ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ሬዲዮ የመጪው ዓመት በጀት ጉድለት አለበት ሲል ሰምቼ ነበር። ዝም ማለት አልችልም፣ ጠየቅኩት።

"ቆይ አቦ፣ ጎደለን ትላላችሁ፣ ደግሞ ተረፈ ብላችሁ ትመልሳላችሁ። የትኛው ነው እውነቱ?"

"ሁለቱም" አለ።

ሳይሰለች አስረዳኝ። ጉድለት ማለት ካዝናው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ዓመቱ ሳይጀመር ይገባል ብለው የሚያስቡት፣ ግብሩም የፌዴራል ድጎማውም ተደምሮ፣ ይወጣል ብለው ካሰቡት ሲያንስ ልዩነቱ ጉድለት ይባላል። ተመላሹ ደግሞ በሚያልቀው ዓመት ሳይወጣ የቀረው ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። እስከ በሩ ድረስ ገብቶኝ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ ጠፋኝ። ገና ያልገባ ገንዘብ፣ ገና ካልወጣ ገንዘብ አነሰ። ይሁን። የእኛን ማድቤት የሚሸፍነው ግን የትኛው ነው፣ ያለፈው ወይስ የሚመጣው? ዝናቡ እኮ በሁለቱ መሀል ነው።

ቤት ደርሼ ይህንኑ ስደግም ኤዶ ከሁሉም የያዘችው ጉድለት የምትለዋን ነው። በእኛ ሰፈር ለሰርግም ለለቅሶም የጎደለ ካለ ለምን ጎደለ ተብሎ አይጠየቅም፤ ያለው ያመጣል። መንግሥትንም እንደዚያው አየችው።

"ድንጋይ ነው የጎደላቸው? ወንዙ ሙሉ ድንጋይ አይደል እንዴ፣ ወላሂ!"

በማግስቱ ኡመታው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ፣ ወንዝ ውስጥ ወረደ። ተሰልፈን ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበል ጀመርን። አንድ ባለባጃጅ ጎረቤታችን መልካ ጀብዱ ላይ ከሚሠራ የወንድሙ ቤት የተረፈ ሲሚንቶ ይዞ መጣ። እኔ የሞኝ ነገር ደስ ብሎኝ ለባለሙያው ደወልኩና ጉድለታችሁን እየሞላንላችሁ ነው አልኩት።

ቆይ፣ እንዳትጨርሱት አለኝ። ከዚያ መስከረም ላይ መሐንዲስ ቀሪውን ሥራ ሊለካ እንደሚመጣ ነገረኝ። የቆመ ግንብ ካየ እዚህ ሥራው አልቋል ይላል፣ ቀሪው ከዕቅዱ ይወጣል። ከእኛ በላይ ያሉት ቤቶችም አብረው ይወጣሉ።

"ታዲያ ጎርፍ ይውሰደን?"

"እንደዚያ አላልኩም። ድንጋዩን ደርድሩት። ሲሚንቶ ግን አታስነኩት፣ መስከረም ላይ የሚፈርስ ይሁን።"

ያለ ሲሚንቶ ደረደርነው። አባቴ ሐዲድ የሌለው ባቡር ነው እያለ ሲያጉረመርም ሰነበተ፤ ግን ትልልቁን ድንጋይ ከታች ያደረገው እሱ ነው።

ጎርፉ ነሐሴ ላይ መጣ፣ ፀሐይ እየጠበሰን። መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ቀዩ ውኃ። የላይኞቹን ድንጋዮች ገፍቶ ማድቤታችን ገባ፣ ጀሪካንና የእናቴን አንድ እግር ጫማ ይዞ ሄደ። የማድቤቱ ግድግዳ ግን አልፈረሰም። ውኃው ሲጎድል እናቴ ወጥታ ድንጋዩን፣ ላም እንደምታባብል፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

መስከረም ላይ መሐንዲሱ ነገ ይመጣል ተባለ። ኤዶ አፍርሱት አለች። እናቴ ያዳነኝን ድንጋይ በገዛ እጄ አላፈርስም ብላ ፊቱ ቆመች። ያን ጊዜ ከላይ ካሉት ቤቶች አራስ ልጇን የታቀፈች ሴት መጣች። ከእናቴ ፊት ለፊት ቆመች። እናቴ አየቻትና ከመንገዱ ዞር አለች። አፈረስነው። ድንጋዩን ጥግ ላይ ስንከምር የምንሠራው ነገር ግራ ገብቶኝ ነበር፤ እንዳይጎድልብን፣ የጎደለብን መምሰል አለብን ማለት ነው?

መሐንዲሱ መጣ፣ ለካ። ክምሩን አየ፣ እኛን አየ፣ ቁጥሩን ጽፎ ደብተሩን አጠፈ። አባቴ ሥራው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀው።

"በጀቱ ጸድቋል" አለ። "ገና አልተለቀቀም እንጂ።"

አባቴ የመጀመሪያውን ሰማ፣ እናቴ ሁለተኛውን። እኔ ሁለቱንም ሰምቼ የሁለቱን ልዩነት አላወቅኩትም።

ሰውየው እንደሄደ በደጋው፣ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ክረምቱ ወጥቷል ብለን ነበር። እናቴ ማንንም ሳትጠራ ከክምሩ አንድ ድንጋይ አነሳች። አባቴ ቀጥሎ ገባ፣ ከላይ ያለችውም ሴት ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ወረደች፣ ሰልፉ ሞላ። እኔ ከኤዶ ቀጥሎ ቆምኩ።

"ኤዶ፣ ላንቺ ገብቶሻል?" አልኳት።

"ምኑ?"

"በጀቱ።"

"ተቀበዪኝ፣ ከበደኝ" አለችና ድንጋዩን እጄ ላይ አኖረችው።