የካሳ ሸሚዝ

ዛሬ ሰቆጣ ገበያ አንዲት ሴት የተወቀጠ እንዶድ ስትሸጥ አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳሸተው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል የሰፈራችን ሴቶች ልብስ ሊያጥቡ ወንዝ ወረዱ፤ እኔም እናቴን ተከትዬ ሄድኩ። ጎረቤታችን እማማ ብርነሽ አንድ ነጭ ሸሚዝ በእንዶድ አረፋ እያሹ ያጥቡ ነበር። ሸሚዙ የልጃቸው የካሳ ነበር፤ ካሳ ርቆ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል።

«እማማ፣ ይሄ እኮ አልቆሸሸም። ለምን ያጥቡታል?» አልኳቸው።

እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ተቀምጦ የከረመ ልብስ አቧራ አቧራ ይላል። እግዜር ‹ግባ› ያለው ዕለት ልጄ ምን ይልበስ? ጸሎትም እንዲሁ ነው፤ ትናንት ጸልያለሁ ተብሎ ዛሬ አይተውም» አሉኝ።

ከዚያ ሸሚዙን ጨምቀው የሞቀ አለት ላይ አሰጡት፤ እጅጌዎቹን በመዳፋቸው ቀስ ብለው አቃኑ። እኛ ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀምጠው ቀሩ።

በዚያው ክረምት እኛ ሰፈሩን ለቀን ወደ አምደወርቅ ሄድን። ካሳ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ እናቴንም ለመጠየቅ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም። ጸሎት የታከተኝ ቀን ግን የእማማ ብርነሽ ድምፅ ይሰማኛል፤ ነጠላዬን አነሣና እቆማለሁ።