ከማማው ላይ የነገርኩት ተረት

መጽሐፉ የሚገለጠው ከኋላው ነው። የልጅ ልጄ ስትሰጠኝ ገልብጬ የያዝኩት መስሎኝ አፈርኩ። «ልክ ነሽ እማዬ፣ ጃፓኖች እንዲህ ነው የሚያነቡት» ብላ ሳቀችብኝ። ወረቀቱ ሻካራ ነው፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ዝናብ ነክቶት የደረቀ ገለባ ሸተተኝ። ስለ ሩዝ ሊያስተምሩ ወረታ የመጡ አንዲት ጃፓናዊት ናቸው ሲሄዱ የተዉላት። ማንጋ ይሉታል፣ በሥዕል የሚነገር ተረት ነው አለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄንንም እኔ እየተናገርኩ እሷ ናት የምትጽፈው። ሥዕል ግን ለማንም ይነበባል።

አንዲት ቆንጆ ሴት ሱቅ ውስጥ ቆማ ዕቃ ትሸጣለች። ከሽርጧ ሥር የጅራት ጫፍ ብቅ ብሏል።

«ቀበሮ ናት» አለችኝ። «ሰው መስላ፣ ሰው አግብታ። ተረቱ የድሮ ነው፤ ሠዓሊው ካያቱ የሰማው። እሱ ግን ባቡር ያለበት ከተማ አመጣትና ስልክ አስያዛት።»

«ታዲያ ማን ያምነዋል?»

«ከተማው የራሱ ከተማ ነዋ! መጨረሻው ላይ ጽፎታል። ሱቁን፣ ደረጃውን፣ የበሩን ዝገት ሳይቀር ከሚያውቀው ነው የሣለው። ቀበሮዋ ውሸት ናት፣ በሩ ግን እውነት ነው። በሩን ያመነ ቀበሮዋንም ያምናል።»

እሷ እንደ ቀላል ነገር ተናግራው ገጹን ገለጠች። እኔ ግን ልቤ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ያንን ሥራ አውቀዋለሁ። በአሥር ዓመቴ ሠርቼዋለሁ፤ ያስተማረኝም አልነበረም።

ያን ጊዜ ሩዝ ለፎገራ ገና እንግዳ ነበር። አባታችን ውሃ ከሚተኛበት ማሳችን ላይ ቢዘራው ጎረቤቱ ሁሉ «ሣር አብቅሎ ሊበላ ነው» እያለ ሳቀበት። ወፎቹ ግን አልሳቁም። እሸቱ ወተት መያዝ ሲጀምር እንደ ደመና ይወርዱበት ነበር። ስለዚህ እኛ ሴቶቹ ልጆች ጠዋት ጠዋት ማማ ላይ እንወጣለን። አራት እንጨት ተተክሎ፣ ላዩ ተረብርቦ፣ ሣር ጣል የተደረገበት መቀመጫ ነው። ከዚያ ሆነን ወንጭፍ እያጮኽን ወፍ እናባርራለን። የጎረቤታችን ልጅ ማማ ከወዲህ፣ የሌላዋ ከወዲያ። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ድምፅ የሚያግድ ነገር የለም። እና ወፉ ፋታ ሲሰጠን ከማማ ማማ ተረት እንወራወር ነበር።

«ተረት ተረት!» እላለሁ።

«የላም በረት!» ይመጣልኛል ከሁለት ወገን፤ የቅርቧ ቶሎ፣ የሩቋ ዘግየት ብሎ።

ተረት በመንገር የሚስተካከለኝ አልነበረም። ስኩራራ አይደለም፤ ያ ኩራት ምን እንዳደረገ ትሰማላችሁ።

በዚያው ዓመት እህቴ ከባሏ ቤት ጠፍታ መጣች። ከኔ በአምስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ከጉማራ ወንዝ ወዲያ ነበር የተዳረችው። ነጠላዋን ስታወልቅ ክንዷ ላይ የዱላ ሰንበር አየሁ፣ ዳርና ዳሩ ቢጫ ሆኗል። አባታችን ፊቱን አዞረ። እናታችን እጇን ይዛ በጓሮ ልታወጣት ስትል «የት እንደምታደርሻት አትንገሪኝ» አላት። «ሽማግሌ መጥቶ ማል ይለኛል። ካላወቅሁ በሐሰት አልምልም።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማሆይ ነበሩ። እናቴ እዚያ ሸሸገቻት። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ያለችው አክስታችን ልትወስዳት ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ መደበቅ ነበረባት። ይሄን የምናውቅ እናቴ፣ እማሆይና እኔ ነን። ለእኔ የነገሩኝ ወደ ማማዬ ስሄድ ስንቅ እንዳደርስ ነው።

የእማሆይ ጎጆ ትንሽ ናት፤ ከጣራዋ ክፈፍ ሥር ዙሪያውን ነጭ ሽንኩርት ተጎንጉኖ ተሰቅሎባታል። ለታመመ ሁሉ የሚሰጡት እሱን ነበር። ገና በሩ ሳይከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። እህቴ መደቡ ጥግ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

«ወፌ መጣች! ውጪው እንዴት አደረ?» ትለኛለች።

ያየሁትን ሁሉ እዘረግፍላታለሁ። ጉም ከማሳው ላይ ሲነሣ፣ የማን ጥጃ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ፣ የማን እናት ከማን እናት ጋር እንደተሳደበች። ትስቃለች። ስትስቅ ያንን ክንዷን ትይዘዋለች።

አንዲት ተረት ነበረችን። ኩሩ ልጅ ባል ሁሉ ንቃ፣ በመጨረሻ ሸማ ያጣፋ መልከ መልካም መጣና አገባች፤ ቤቱ ስትደርስ ለካ ጅብ ነው፣ በላት። በቃ። አሮጊቶቹ ይሄን ሲጨርሱ «እሰይ! የወላጅ ምርጫ ይሻላል ስንላት!» ይላሉ። በዚያ ሰሞን ግን ይህ መጨረሻ ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ጀመር። እህቴን የመረጠላት ወላጅ አይደለም እንዴ?

እናም አንድ ቀን ማማዬ ላይ ሆኜ አጥንቱን እንዳለ ትቼ ሌላ ሥጋ አለበስኩት። ልጅቷ ኩሩ አይደለችም፤ አባቷ ነው የዳራት። ጅቡ ሸማ ሳይሆን ካፖርትና የጎማ ጫማ አደረገ። ቤቱን ከጉማራ ወዲያ አደረግሁለት። ልጅቷም አልተበላችም፤ ወንዙን ተሻግራ አመለጠች!

«ውሸት!» አለች የቅርቧ። «ጅብ አሽትቶ ያገኛታል!»

እውነቷን ነበር። ተረቱ ተንጠለጠለ። ከማማዬ ሥር ባለው መንገድ ዳር ደግሞ አንድ ሰውዬ በቅሎውን አሥሮ፣ ጥላው ላይ አረፍ ብሎ ነበር። መንገደኛ ነው ብዬ ልብ አላልኩትም።

«ልክ ናት አንቺ ልጅ!» አለ ቀና ብሎ። «ጅብ ካሸተተ መች ይስታል? አለቀልሽ፣ ተያዝሽ!»

ሳቁ ደስ የሚል ነበር። ትልቅ ሰው ተረቴን ሲያዳምጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«አያሸታትም!»

«ለምን ሲባል?»

«ነጭ ሽንኩርት ያለበት ቤት ገብታለቻ! ክፈፉ ሥር ዙሪያውን ተጎንጉኖ የተሰቀለበት! ጅቡ በበሩ ሲያልፍ ዓይኑ አለቀሰ፣ አፍንጫው ታወረ!»

«የማን ቤት ነው እሱ?»

«የአንዲት መነኩሲት!»

ከሁለቱም ማማ እልልታ ተነሣ። ሰውዬው ጉልበቱን መታ። «አፍሽ ማር ነው» አለና ከስልቻው ሽምብራ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ። እሱን እየቆረጠምኩ ስኮራ ዋልኩ።

አሁን ሳስበው፣ ያ ጃፓናዊ ሠዓሊ በሩን ከመሣሉ በፊት ከበሩ ኋላ ማን እንዳለ አይቶ ይሆን?

በማግሥቱ የእህቴን ስንቅ ይዤ ስደርስ እማሆይ በር ላይ ሰው ቆሟል። ሽማግሌዎች ናቸው፤ የእህቴ ባል አለ፤ ባለበቅሎውም አለ። የባሏ ታላቅ ወንድም ኖሯል።

«እማሆይ፣ የሰው ሚስት ሸሽገው ያድራሉ እንዴ? ይክፈቱ እንጂ።»

«የእግዜር እንግዳ ናት።»

«የእግዜር ቤት ከላይ ያለው ነው። ይሄ የርስዎ ጎጆ ነው» አለ አንደኛው ሽማግሌ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ባለበቅሎው አየኝና ጠቀሰኝ። እማሆይ ጥቅሻውን አዩ። ቀና ብለው ነጭ ሽንኩርቱን አዩ። ከዚያ እኔን።

እህቴ ራሷ ወጣች። ማንንም ሳትመለከት «እማሆይ፣ እርስዎ ነዎት አሳልፈው የሰጡኝ?» አለች። እማሆይ አንዴ ወደኔ ዞር አሉና «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ።

«ያጠለቁት ቆብ ይፍረድብዎት!» አለቻቸው።

ወሰዷት። ከበቅሎው ኋላ በእግሯ በሩዙ ማሳ ዳር ዳር ስትሄድ እስክትሰወር አየኋት። ወፉ በእኛ ማሳ ላይ እንደልቡ ሰፍሯል።

መሬት ላይ ተቀምጬ ስነፈርቅ እማሆይ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። «ለእሷ እኔ ባዳ ነኝ» አሉኝ። «ባዳ ቢጠላ ምን ይሆናል? እዚያ ቤት ስትገባ ግን የምትናፍቀው አንቺን ነው። ያንን ናፍቆት አትውሰጂባት። ዝም በይ።»

ዝም አልኩ። መጀመሪያ ለእሷ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ለራሴ ሆነ።

እህቴ እዚያው ወለደች፣ እዚያው ባሏን ቀበረች፣ አሁን ሐሙሲት ከልጇ ጋር ትኖራለች። ለዓመት በዓል እኛ ዘንድ ስትመጣ በእማሆይ ደጅ ላለማለፍ ቤተ ክርስቲያኑን ዞራ በሌላው በር ትገባ ነበር። እማሆይ ሲያርፉ የላክሁባት እኔ ነኝ። «የሸጠችኝን ሴት ልቅበር?» ብላ ቀረች። በለቅሶው ማግሥት ሄጄ እፊቷ ተቀመጥኩ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ውሃ ስጪኝ ብዬ አብሬ ዋጥሁት።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ እርሳስና ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ከእኔ የሰማቻትን የጅቡን ሚስት እንደ ጃፓኑ አድርጋ ልትሥላት ነው። ጅቡን ባጃጅ አስነድታዋለች፤ ጆሮው ከቆቡ ሥር ወጥቷል። ሳቅሁ። ከዚያ «እማዬ፣ አምልጣ የት ተደበቀች? ቤቱን እውነት አስመስዬ ልሣለው፣ ንገሪኝ» አለች።

ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፋሁና ወደ ሐሙሲት የሚሄድ መኪና ያዝኩ።

እህቴ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማማውን፣ ባለበቅሎውን፣ ቆሎውን። ስናገር እጇ አላቆመም፤ ጠጠሩን እየለየች ወደ ጎን ታደርጋለች። ስጨርስ ቆመ። ስለዚያ ቤት፣ ስለ ክንዷ፣ ሳታያት ስለቀረቻት የጎንደር አክስታችን የምትለኝን እጠብቅ ነበር። ትስደበኝ ብዬ ጸለይኩ።

«እኚያን ሴትዮ ዕድሜዬን ሙሉ ረገምኳቸው» አለች።

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች።

«የት ላይ ነው ያረፉት?»

ይሄንንም አላወቅሁላትም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ዝቅ ካለው በኩል እንደቀበርናቸው ትዝ ይለኛል፤ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው እየተኛበት ጉብታውን ሁሉ ደልድሎታል። ድንጋይ የሚያቆምላቸው ዘመድም አልነበራቸው። አላውቀውም ስላት ነጠላዋን ፈለገች።

አብረን መኪና ያዝን። ከመቃብሩ ስንደርስ ጥቂት ቆማ ሣሩን አየችው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ከአጥሩ ጥግ ጀመረች። ጉብታ በመሰላት ቦታ ሁሉ ላይ እየተንበረከከች መሬቱን ትስማለች፣ ጉልበቷን ይዛ ትነሣለች፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ደግማ ትንበረከካለች። ልደግፋት ስጠጋ አልከለከለችኝም። ሳትጨርስ መሸብን።